የልብስ ሰፊው ሽብልቆች

ቤቱ የተሠራው ቁልቁለት ላይ ነው። ከመንገዱ በኩል ሲያዩት እንደ ጎረቤቶቹ ተደላድሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ በጓሮ በር ሲወጡ ግን መሬቱ ከእግር ሥር ይሸሻል። እማማ በዚያ ቁልቁለት ግማሽ ዕድሜያቸውን ሲወጡ ሲወርዱ ኖረው፣ አንድ ቀን፣ ያውም ዝናብ ባልነበረበት ቀን፣ ከሎሚው ዛፍ ሲመለሱ ተንሸራተው የዳሌ አጥንታቸውን ሰበሩ። ከሐኪም ቤት ባለ አራት እግር የብረት ምርኩዝ ይዘው ሲመለሱ ያስለቀሳቸው ሕመሙ አልነበረም፤ በሩ ነበር። ተከፍቶ ሲውል ሎሚውን ከአልጋቸው ሆነው ያዩታል፤ ሊደርሱበት ግን አይችሉም።

«ዓይኔ ጠግቦ እግሬ ይራብ እንግዲህ» አሉ።

ልጆቻቸው መከሩ። መከሩ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ በዚያ ቤት ምክር ማለት ታላቅየው ሲናገር ሌላው ራሱን መነቅነቅ ነው። ታላቅየው ጎሚስታ ነው፤ የጎማ መጠገኛ ሱቁ ከዋናው መንገድ ዳር አለች። የሰፈሩ ጠብ መሀል ሁሉ እየገባ ስለሚያበርድ «ዳኛው» የሚል ስም ወጥቶለታል። ዳኛውም ፈረደ፦ ከጓሮ በር እስከ ሎሚው ድረስ በቋሚ እንጨት ላይ ጣውላ ይነጠፍ፤ ከበሩ ደፍ እኩል ይሁን፤ እማዬ ያለ አንዲት ደረጃ ምርኩዟን እየገፋች ትውጣ። ሠሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእህቱ ባል አናጺ ነው።

«መድረክ ነው እንዴ የምትሠሩልኝ?» አሉ እማማ። «ማን ሊናገርበት?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ፤ እኛ እናጨበጭባለን» አለ ዳኛው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ መድረክ ሆኖ ቀረ።

አናጺው የቤት ዕቃ ሠሪ ነው፤ ቁም ሳጥን፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ። ከቤት ውጭ፣ ያውም ተዳፋት ላይ፣ ጣውላ አንጥፎ አያውቅም። ይህን መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። አማች ነዋ። ሜትር ከኪሱ ስለማይለይ «ሜትሩ» ይሉታል፤ በሚስቱ ቤተሰብ ዘንድ ከእጁ ሥራ ሌላ የሚታወቅበት ነገር የለውም። «አልችልም» ቢል ስሙንም አብሮ የሚያጣ መሰለው።

ለምርኩዙ መተላለፊያ እንዲገኝ መጀመሪያ በእማማ ክፍል ያለውን ትልቅ ቁም ሳጥን ፈቀቅ ማድረግ ነበረበት። ትከሻውን ሰጥቶ ሲገፋው በአንድ ወገን ዘጭ አለ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ በዚያ በኩል ባሉት እግሮች ሥር የእንጨት ሽብልቅ ተደራርቦ ኖሯል፤ አንዱ ባንዱ ላይ፣ እያንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ በመርፌ ተለቅሞ።

ሚስቱ ሳቀች። «የአባዬ ነው። እኛ ቤት ዕቃው ሁሉ ሱሪ ለባሽ ነው። ጠረጴዛው፣ ማቀዝቀዣው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው። ከአልጋው በቀር።»

«አልጋው ምን አጠፋ?»

«እኔ ምን አውቄ። አባዬን ጠይቀው።»

አባዬ ከሞቱ ቆይተዋል። ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ትከሻው የወደቀ ሰው ኮት ሊያሰፋ ሲመጣ «ትከሻህ ዘንበል ብሏል» አይሉትም፤ በወደቀው በኩል ጥጥ ጨምረው ይሰፉለታል። ሰውየው መስታወት ፊት ሲቆም ቀጥ ብሎ የተፈጠረ ይመስለዋል። በከተማው ውስጥ ትከሻው መውደቁን ሳያውቅ ተከብሮ የተቀበረ ብዙ ወንድ አለ ይባላል። አናጺው ሽብልቆቹን መልሶ ሲሸጉጥ ያደነቀው እንጨቱን ሳይሆን ስፌቱን ነበር።

ጉድጓዶቹን ቆፈረ፣ ስሚንቶ ሞላ፣ ቋሚዎቹን አቆመ። አፈሩ ለመቆፈሪያው እሺ ማለቱ፣ እንደ እርጎ መለስለሱ፣ ደስ አላለውም፤ ግን የቤት ዕቃ ሠሪ ስለ አፈር ምን ያውቃል ብሎ ራሱን ዝም አሰኘ። ሲባጎውን ከደፉ ላይ ወጠረና ውሃ ልኩን አስቀመጠበት። አረፋዋ ከመሀል ሸሽታ ጥግ ላይ ተለጠፈች። ውሃ ልኩ ውሸታም ነው ብሎ ገለበጠው። ውሃ ልክ ሲዋሽ ሲገለብጡት ይታወቅበታል፤ ይሄኛው በሁለቱም በኩል ያንኑ ተናገረ። በዚህም አልተማመነም። ከውሃ ቱቦ ሻጭ ዘንድ ውስጧን የምታሳይ ላስቲክ ቱቦ አመጣ፤ ውሃ ሞላባትና አንዱን ጫፍ ከበሩ፣ ሌላውን ከወጥ ቤቱ ጥግ አሰረ። ውሃው ተወዛውዞ ጸጥ ሲል አየው። በግድግዳው ግርጌ ዳር እስከ ዳር የተቀባው ቡናማ ቀለም ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ከውሃው ልክ አንድ ጭብጥ ያህል ወርዷል።

ሚስቱን ጠራት። «ቤታችሁ አዘንብሏል።»

«እሱማ ስንወለድም እንዲሁ ነው» አለች፤ ስለ ዘመድ አመል እንደሚያወራ ሰው። «ኳስ ቢሆን፣ የክር ጥቅል ቢሆን፣ የወደቀ ነገር ሁሉ የሚገኘው ከወጥ ቤቱ ጥግ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ እርሳሴ ወድቆ ባለበት ቆመ። ታምነኛለህ? ፈራሁ። ምን ነካው ብዬ።»

«እንዲህ ሆኖ ተሠርቶ ከሆነ አይከፋም። እየሄደ ከሆነ ነው ክፋቱ።»

«ቤት ደግሞ የት ይሄዳል?» ብላ ገባች።

አናጺው መድረኩን በውሃ ልኩ ሠራ። ሌላ መሥሪያ አያውቅም። ጣውላዎቹን አስተካክሎ በብሎን አሰረ፤ ጠርዛቸውን ላገ፤ እግር እንዳይወጋ በእጁ መዳፍ እየዳበሰ አንድ በአንድ አየ። ሲጨርስ ዳኛው መጣ፣ ሚስቱ መጣች፣ እማማ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ደፉን ተሻገሩ።

ምርኩዛቸውን ሁለት ጊዜ እንደገፉ ቆሙ። ሰውነታቸው ወደ ግራ አዘመመ፤ ምርኩዙን በአንድ እጅ ጫን አሉት፤ አንዱ እግሩ ከጣውላው ብድግ አለ። ልጃቸው ሮጣ በብብታቸው ያዘቻቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠማማ ነው» አሉ እማማ።

አናጺው ውሃ ልኩን ከእግራቸው ሥር አስቀመጠ። «እማማ፣ ይዩት። አረፋዋ መሀል ነች።»

«አረፋዋ የኔን ዳሌ ተሸክማ አታውቅም።»

ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ዳኛው ከሳቁ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሉ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ቤቱን ከመድረኩ ነው ወይስ መድረኩን ከቤቱ ነው የምናስማማው? ቤቱ ታላቅ ነው፤ መድረኩ ትናንት የመጣ ነው። ትናንት የመጣ ነው የሚያጎነብሰው።»

ትናንት የመጣው መድረኩ ብቻ እንዳልሆነ አናጺው ገባው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ያማቱን አጥር መነቅነቅ ነውር ከሆነ ቤታቸውን አዘንብሏል ማለት ምን ሊሆን ነው? «እሺ ጋሼ» አለ። በማግስቱ ጣውላውን አንስቶ በወጥ ቤቱ በኩል ያሉትን ቋሚዎች አሳጠራቸው። በሕይወቱ ሥራን አውቆ ሲያጣምም የመጀመሪያው ነበር፤ መጋዙ እንጨቱን ሲበላ የሚሰማው ድምፅ የሌላ ሰው መጋዝ መሰለው።

መሠረቱ ላይ የነበረውን ስንጥቅ ያየውም ያን ጊዜ ነው። ከደፉ ሥር ተነስቶ ወደ ወጥ ቤቱ የሚሄድ፣ ክር የምታህል። ግንበኞች ሲያደርጉ እንዳየው ትንሽ ጀሶ በጥብጦ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ማዶ ለማዶ ለጠፈበት። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ ጀሶው እንዳለ ይቆያል፤ ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ቀድሞ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጣውላውን መለሰ። ዳኛው ድመት እንዳይገባበት፣ ለዓይንም እንዲያምር የመድረኩ ጎን ይዘጋ ስላለ፣ ጎኑንም ዙሪያውን ዘጋው። ስንጥቁ ከሰው ዓይን ተሰወረ። የሰወረው የእሱ እጅ ነው።

እማማ በተጣመመው መድረክ ላይ እንደ ሙሽራ ሄዱ። ሎሚው ሥር ወንበር ተደረገላቸው። ጠዋት ሻያቸውን እዚያ ይጠጣሉ፤ ቀትር ላይ ጥላው ሲዞር ወንበራቸውን ያዞራሉ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር አናጺውን ይጠሩትና «የጠማማ እግሬን ልክ ያወቀ አማች» እያሉ ያሳዩታል። ፊታቸው ሞላ። ሐኪሙ እንኳ በዚህ ዕድሜ እንዲህ የጠገነ አጥንት አላየሁም አለ። አናጺው ምስጋናውን ሲቀበል የሚያየው መሬት መሬት ነበር። ትሑት ነው አሉት።

ዝናቡ መጣ። መጣና አልሄድ አለ። አናጺው ወደ አማቱ ቤት መሄጃ ምክንያት ሲፈልግ ሰነበተ፤ አንድ ቀን በሩ ይንቋቋል ብሎ፣ አንድ ቀን ጣውላው ውሃ እንዳይጠጣ ቀለም ልቅባው ብሎ ይሄዳል፤ ደርሶ ግን ጎኑን ከፍቶ ማየት አይደፍርም። ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን አንዱን የጎን ጣውላ ፈትቶ በደረቱ እየተሳበ ገባ።

ጀሶው ለሁለት ተከፍሏል። ክር የምታህለው ስንጥቅ ጣቱን ዋጠች። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ለስንጥቁ የሚቀርበው ጉድጓድ፣ እሱ ቆፍሮ ስሚንቶ የሞላበት፣ ዙሪያውን ውሃ አቁሯል፤ ውሃው ቀስ እያለ ወደ መሠረቱ ሥር ይሰርጋል። አናጺው እዚያው በሆዱ ተኝቶ ብዙ ቆየ። ቤቱ ሊሄድ ስለነበረ ነው የሄደው ወይስ እኔ መንገድ ስለጠረግሁለት? መልሱን አያውቅም። የሚያውቅ ሰውም በቅርቡ የለም።

ዳኛው ዘንድ ሄደ። ዳኛው የአንድ መኪና ጎማ ካላማዳሪያ ገንዳ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ይፈልጋል፤ አየር ከየት እንደሚወጣ በውሃው ያያል።

«ጋሼ፣ የእማማ ቤት መሠረት ተሰንጥቋል። ቤቱ እየተንሸራተተ ነው። ክፍላቸው ነው ከሁሉ የባሰው።»

ዳኛው ዓይኑን ከገንዳው አላነሳም። «መቼ ነው የተሰነጠቀው?»

«ቀድሞም ነበረ። አሁን ሰፍቷል።»

«ቀድሞ ማለት መቼ? አንተ ጉድጓድ ከመቆፈርህ በፊት ነው ከቆፈርክ በኋላ?»

«ከቆፈርኩ በኋላ ነው ያየሁት።»

«አየህ» አለ ዳኛው በዝግታ። እጁን በቡትቶ ጠረገ። ጎማ የለመደ እጅ ጠርገውት አይጠራም። «ሜትሩ፣ ስማኝ። አንተን ጠላሁህ ማለት አይደለም። እማዬን ከዚያ አውጥተን የት ነው የምናደርሳት? እኔ ቤት ደረጃው ሰማይ ይነካል። ያንተ ቤት ነው የቀረው። እናታቸውን አውጥተው ቤቱን ሊሸጡት ነው ይባላል። ማን አስወጣት ሲባል፣ አማቿ። ማን ዘንድ ሄደች ሲባል፣ አማቿ ዘንድ። ይህን ወሬ ትችለዋለህ?»

«ወሬው ቤት አይጥልባቸውም።»

«ስሚንቶ በጥብጠህ ሙላው። ቀባው። እሷ መሄድ የጀመረችው ትናንት ነው፤ ከዚያ በር ብትለያት ከአልጋ አትነሳም። እናቴን አውቃታለሁ። ስሚንቶ ይዞ የቆየ ስንት ቤት አለ።»

ይህን ሲል ድምፁ የዳኛ ድምፅ አልነበረም። የልጅ ድምፅ ነበር። አናጺው ያን ስለሰማ ሊከራከረው አልቻለም።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ታጣጥፍ ነበር፤ ማጣጠፏን አላቆመችም። «ማን ጠየቀህ?» አለች። «እማዬ ዛሬ ሎሚ ለቀመች። በገዛ እጇ። ታውቃለህ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከተናገርክ በኋላ የሚመልሰው የለም።»

«ቢወድቅባቸውስ?»

«አባዬ የሠራው ቤት ነው» አለች።

በማግስቱ አናጺው ስሚንቶና አሸዋ ይዞ ሄደ። ጠማማ ከሠሩ አይቀር ጠማማውን መጨረስ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። የጎኑን ጣውላ ፈታ፣ የግንበኛ ማንኪያውን ይዞ ከመድረኩ ሥር ገባ፣ በጎኑ ተኛ፣ የመጀመሪያውን ስሚንቶ አነሳ።

ከበላዩ በሩ ተከፈተ። የምርኩዙ እግሮች ደፉን ተሻገሩ፤ ጠቅ አሉ፣ አረፉ፣ ደግሞ ጠቅ አሉ። ከጣውላዎቹ መሀል የደቀቀ ጭቃ ፊቱ ላይ ረገፈ። እማማ ያንጎራጉራሉ። ግጥም የለውም፤ ሥራ የያዘ ሰው ለራሱ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ድምፁ ከፊቱ በላይ አልፎ ወደ ሎሚው ሄደ። እያንዳንዱ እርምጃ ሲያርፍ ያቆመው ቋሚ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ቋሚው ሲንቀሳቀስ ከስንጥቁ ከንፈር ቅንጣት አፈር ትወርዳለች። ሰው ሠራሁ ያለው ሥራ ላይ ሰው ሲሄድ ከሥር ሆኖ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ማንኪያውን አስቀመጠ። ተስቦ ወጣ። ጭቃውን ሳይጠርግ በመድረኩ ላይ ወደ ሎሚው ሄደ።

«እማማ፣ አንዴ ይግቡልኝ።»

«ምን ሆነህ ነው? መሬት የተፋህ ትመስላለህ።»

«ይግቡልኝና እነግርዎታለሁ።»

ክርናቸውን ይዞ አስገባቸው፤ ደፉ ላይ ወንበር አድርጎ አስቀመጣቸው። ከዚያ ብሎን መፍቻውን አነሳና ከበሩ ሥር ያለውን የመጀመሪያ ጣውላ ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። እናቷን ልትረዳ የመጣችው ሚስቱ ከወጥ ቤት ወጥታ «ምን እያደረግህ ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ ሲመልስላት አልሰማችውም፤ ስልኳን አንስታ ለወንድሟ ደወለች። እማማ ጣውላው አንድ በአንድ ሲነሳ በእሳቸውና በሎሚው መሀል ያለው ክፍተት ሲሰፋ እያዩ፣ ምርኩዛቸውን ፊታቸው አቁመው ተቀመጡ።

ዳኛው ሲደርስ እጁ እንደ ጠቆረ ነው። አናጺው የፈታውን ጣውላ ተራምዶ ወረደ፤ መሠረቱን ዓይቶ ቆመ። ከዚያ በጣቱ አመለከተ፤ ወደ ስንጥቁ ሳይሆን ውሃ ወዳቆረው ጉድጓድ።

«እማዬ፣ ቤትሽን ያፈረሰው ይሄ ነው። ይሄ ጉድጓድ። ራሱ ቆፍሮ፣ ራሱ ደርሶ ነጋሪ ሆነ።»

የአናጺው ሚስት ባሏን አየችው። እሱ ራሱ ግማሹን ያምናል፤ ግማሹን ያመነ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ቆሞ ሳለ ግን አንድ ነገር ከተቀመጠበት ተነስቶ ጨርቅ እንደ ለበሰ ፊቱ መጣ። ቤቱ ድሮም ዘንበል ያለ፣ ባለበትም የቆመ ቢሆን ኖሮ፣ ለቁም ሳጥኑ አንድ ወፍራም ሽብልቅ ይበቃው ነበር። ለምን ተደራረበ?

ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ደፉን ተሻግሮ ገባ። ቁም ሳጥኑን በትከሻው ደግፎ ሽብልቆቹን ሳባቸው፤ አምጥቶም በእማማ ጭን ላይ ዘረገፋቸው።

«እማማ፣ እነዚህን ያውቋቸዋል?»

«የሰውዬዬ ቡትቶዎች» አሉ እማማ፤ ፈገግ ሊሉ ነበር። አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄ ሰማያዊው የዚህ ልጅ የትምህርት ቤት ሱሪ ነው። ጉልበቱን በቀደደው ዓመት።» ዳኛው አንገቱን አቀና። «ይሄ አበባው ያንቺ ቀሚስ ነው፤ ስድስተኛ ስታልፊ የሰፋልሽ። ይሄ የሳሎኑ መጋረጃ፤ ያን ጊዜ እናንተ ጎርምሳችኋል።» እያነሱ አጠገባቸው ባለው አልጋ ጠርዝ ላይ ይደረድራሉ፤ ድምፃቸው በያንዳንዱ እየቀነሰ ሄደ። የመጨረሻውን ሲያነሱ አናጺው ራሱ አወቀው። አመዳይ መልክ ያለው ሱፍ ነው፤ የሠርጉ ቀን የለበሰው። አማቱ በገዛ እጃቸው የሰፉለት፣ ከመሞታቸው በፊት የሰፉት የመጨረሻ ልብስ።

«ቁም ሳጥኑን ስንት ጊዜ አነሳው?» አሉ እማማ፤ ማንንም አልጠየቁም። «እኔን ገበያ እየላከ ነው ያነሳው። ብቻህን ምን ቤት ያስጠርግሃል እለው ነበር።»

ዳኛው ወደ ላይ ወጥቶ ሰማያዊውን ሽብልቅ አነሳ፤ አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ጣቱ ጨርቁ ላይ ጥቁር አሻራ ተወ።

«ሜትሩ፣ ስንጥቁ ጣትህን ያስገባል?» አሉ እማማ።

«እስከ ክርኔ ይገባል እማማ።» ዋሸ፤ የእጁን አንጓ እንኳ አያስገባም። እውነቱ ብቻ የሚበቃ አልመሰለውም። «ጉድጓዴም አባብሶት ይሆናል። አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት ጥሩ ነው» አሉ። «አጠገቤ ተኝቶ ሳይነግረኝ ከሞተው ይሻላል።» ያን ብለው ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ቃሉን መልሰው ሊያስገቡት የፈለጉ ይመስል። ቆየት ብለው ለልጃቸው «ልብሴን አውጪልኝ» አሏት። «የሜትሩ ቤት ደረጃ የለውም።»

እንዲህ ሆኖ እማማ አናጺው ቤት ገቡ። መሐንዲስ መጥቶ አየ፤ ዝናቡ እስኪያበቃ ማንም አይደርበት፣ ከዚያ በኋላ ወይ በድጋፍ ግንብ ይያዛል ወይ ይፈርሳል አለ። የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ። ዳኛው እናቱን ሊጠይቅ የሚመጣው አናጺው ሥራ በሚውልበት ሰዓት ነው። ሚስቱ ታናግረዋለች፤ ንግግሯ ግን ዕቃ እንደሚያቀብሉት ዓይነት ነው፤ የሚፈለገው ብቻ ያልፋል። አናጺውም ሌት ተቀን የሚያስበው ያችኑ ነው፤ አፈሩ እንደ እርጎ ሲለሰልስ ባልሰማ ማለፉን።

የአናጺው ቤት ለጥ ያለ ነው፤ ወለሉ ላይ ኳስ ቢያስቀምጡ ባለበት ያድራል። ለእማማ ያዘጋጀላቸው አልጋ የራሱ ሥራ ነው። ሲነጋ ግን ዓይናቸው ደም ለብሶ ይገኛል። ምርኩዙን ይዘው ከአልጋው እስከ መስኮቱ ይሄዱና ይመለሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይሄዱም። አንድ ጠዋት ሻይ ሲያስገባላቸው የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠው አገኛቸው።

«ሜትሩ፣ ይሄ ቤትህ ጠማማ ነው።»

«ቀጥ ያለ ነው እማማ።»

«ቀጥ ያለው ላንተ ነው።» ከትራሳቸው ሥር አንድ ከረጢት ሳቡ። ሽብልቆቹ ነበሩ። «ሰውዬዬ ለምን አልጋውን ሱሪ እንዳላለበሰው ገባኝ። እሱ የሚተኛው በዝቅተኛው በኩል ነው። እኔ ከላይ ነኝ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ወደሱ እንከባለላለሁ። ተጣልተን ስንተኛ እንኳ ሲነጋ ጀርባው ላይ ነኝ። ከሞተም ወዲህ ወደዚያው እንከባለላለሁ።» ከረጢቱን ሰጡት። «እዚህ ባለሁበት ነው የማድረው። ወደ ማንም አልሄድም። በመስኮቱ በኩል ከፍ አድርግልኝ።»

አናጺው አልጋውን አነሳ። ሰማያዊውን፣ አበባውን፣ መጋረጃውን በመስኮቱ በኩል ባሉት እግሮች ሥር አካፍሎ ሸጎጠ። አመዳዩን ሲያነሳ እማማ እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱትና ትራሳቸው ሥር መለሱት። አናጺው በልማዱ ውሃ ልኩን አውጥቶ የአልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፤ አረፋዋ ጥግ ሄዳ ተለጠፈች። መልሶ ኪሱ ከተተው።

እማማ ተጋደሙ። ቀስ ብለው ወደ ዝቅተኛው በኩል ተንሸራተቱ፤ ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዓይናቸውን ከደኑ።

«ቤቱን ይጠግኑታል አይደል?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሎሚው ሳይረግፍ እንመለሳለን።»

አናጺው ትናንት ከመሐንዲሱ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ ግንብ አይይዘውም፣ ይፈርሳል ብሎታል። ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ሽብልቅ ጠርዝ የወጣች ክር በጣቱ ወደ ውስጥ መለሳት፤ ተመልሳ ወጣች፤ ደግሞ መለሳት።

«ትንሽ ነው የቀረው እማማ» አለ።